ያልተሳፈሩበትን የማያስረክቡ ሰው

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የነገረኝ ወንድሜ ግርማ ነው። ጠዋት ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤቴ ገብቼ የመዝገብ ቤቱን መስኮት ገና ስከፍት ስልኬ ጮኸ። «ሰኒ፣ ጋሽ ሸምሱ አረፉ። ሰግደው ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ነው» አለኝ። በእስልምና ደንብ ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ስለሆነ አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ወደ ካዛንቺስ ስመለስ፣ አንድ ቅዳሜ በሰፈር ሰው ፊት የተናገርኳቸው ነገር እየመጣ ይከነክነኝ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስምንት ዓመት አልፏል። ስምንት ዓመት ሙሉ መንገድ ተሻግሬ ይቅርታ ማለት አቅቶኝ ቀረሁ።

ለማያውቃቸው ልንገር። እኛ የምንኖረው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ከበራችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የጋሽ ሸምሱ የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ሱቅ እንበላት እንጂ የሚሸጥባት ነገር የለም፤ ሞተር ሳይክል፣ ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ ይጠግኑባታል። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ዘወትር ሰማያዊ ቱታ የሚለብሱ፣ የመነጽራቸውን አንድ ጆሮ በቀጭን ሽቦ ያሰሩ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም።

ባለ ሞተሩ መጥቶ «ካንዴላው ይመስለኛል፣ ባለፈው ደግሞ እንትን ሲያደርገው ነበር» ማለት ሲጀምር እጃቸውን ከፍ አድርገው «ቆይ፣ እሷ ትናገር» ይሉታል። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና፣ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጣሉ። ሰውየው ቢቸኩል ባይቸኩል ግድ የላቸውም። «ሞተር አይዋሽም። እኛ ነን ቸኩለን የማንሰማው» ይላሉ። አንዳንዴ እንደዚያ ቆመው ሳያቸው የሞተር ሳይሆን የሰው ብሶት የሚያዳምጡ ይመስሉኝ ነበር።

ሰፈሩን የሚያስቀው ግን ሌላ ልማዳቸው ነው። ራሳቸው ያልተሳፈሩበትን ለባለቤቱ አያስረክቡም። ሞተር ሳይክል ከሆነ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀ እስከ ስታዲየም ደርሰው ይመለሳሉ። ፓምፕ ከሆነ የሳበውን ውኃ መጀመሪያ እሳቸው ይጠጣሉ። ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ ቤታቸው ወስደው ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የሚያዩትን ቴሌቪዥን ያበሩበታል። እትዬ ዘይነባ «ምስሉን አየሁት፣ ድምፁን ግን የሸምሱ ጄኔሬተር በላው» እያሉ ለጎረቤት ያማርራሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ ያልተቀመጥኩበት ላይ የሰው ልጅ አላስቀምጥም። መሄድማ ሁሉም ይሄዳል፤ ቁም ነገሩ መመለሱ ነው።»

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ አለውና መኪናው ተገለበጠ። ሕይወቱ ተረፈ፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልታዘዙትም። በስንት ደጅ ጥናት ዊልቸር አገኘንለት። ግቢ ውስጥ ከበረንዳ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ ይሄዳል። ከበሩ ውጭ ግን ወይ ፍንክች። ሹፌሩ ግርማ እያለ የሚጠራው ሰፈር እንደዚያ ሆኖ እንዲያየው አልፈለገም። ጓደኞቹ ለመኑት፣ የንስሐ አባታችን መጥተው መከሩት፤ «እሺ» ይልና ዞሮ ይገባል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ፋይል ስቀባበል ልቤ እቤት ነበር። አንድ ቀን ስመለስ ራሱን አንድ ነገር አድርጎ እንዳላገኘው እፈራ ነበር፤ ይህንንም ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ለሁለት ዓመት የቆየ ፈረንጅ አማካሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለሠራተኛው አደለ። ወንድም እንዳለኝ ያውቅ ነበርና ለእኔ ትልቅ ካርቶን ደረሰኝ። ውስጡ ክንድ የምታህል የጭነት መኪና አለች፤ ከሩቅ በሪሞት የምትነዳ። ልጆች እንደሚጫወቱባት የባትሪ መኪና ግን አይደለችም። እውነተኛ ሞተር አላት፤ ፒስተኗ አውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው። ካርቡሬተር፣ ጭስ የሚወጣባት ማርሚታና ነዳጁ የሻይ ብርጭቆ የማይሞላ ሳልባትዮ አላት። የምትጠጣው ናይትሮ የሚሉትን ለእሷው የተቀመመ ነዳጅ ነው፤ እሱንም ስድስት ቆርቆሮ አብሮ ሰጠኝ።

ግርማ መጀመሪያ ሲያያት ፊቱን አጨማደደ። «ከተሳቢ አውርደሽ አሻንጉሊት ላይ ልትጭኚኝ ነው?» አለኝ። ሞተሯ ሲነሳ ግን ቀና አለ። ትንሽ ብትሆንም ድምጿ የወንድ ነው። ግቢውን አንድ ዙር አዞራት፤ ከአደጋው ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። ምን ያደርጋል፣ ሦስት ደቂቃ ሳትሞላ ቀጥ ትላለች። ሁልጊዜም የምትቆመው ከእሱ ርቃ፣ ጠጠሩ መሐል ነው። እየታገለ ሊደርስባት ይችል ነበር፤ ጎረቤት እያየው ከጠጠር ጋር መታገሉን ግን አልወደደም። ስለዚህ ሰው ይጣራል፤ የተገኘው ሄዶ ያመጣለታል፣ ታስነሳለች፣ እንደገና ትቆማለች። ግቢያችን ያለ አንድ መካኒክ ነዳጅ አንሷት ነው ብሎ ከካርቡሬተሩ ቢጨምርላት ይባስ ብላ አረፈች። አንድ ከሰዓት ግርማ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ሰኒ፣ ውሰጃት» አለኝ። «ቆማ ሰው የምታስጠራኝ መኪና አልፈልግም። ለዚያ እኔው እበቃለሁ።»

በማግስቱ መኪናዋን አቅፌ ወደ ጋሽ ሸምሱ ተሻገርኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ የማይጠፋው ሞተረኛው ከማል «ጋሽ ሸምሱ፣ እሷ ላይ ደግሞ እንዴት ሊሳፈሩ ነው?» ብሎ ሁሉን አሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አስነሥተው አዳመጧት። ከዚያ የሚነዳት ግርማ መሆኑን ጠየቁኝ። ስትቆምበት ማን እንደሚያመጣለት ጠየቁኝ። የተገኘው ሰው ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቱታቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲህ ይቺ መኪና መቆም አይፈቀድላትም» አሉ።

ችግሩን ያገኙት በጆሮ ነው። መኪናዋ የተስተካከለችው ለቆላ፣ ለወፍራም አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ ሞተሩ የሚገባው ነዳጅም መቀነስ ነበረበት፤ እኛ ግን በቆመች ቁጥር እንጨምርላታለን። «በጉርሻ የታነቀን ሰው በሌላ ጉርሻ ልታድኑት ነው?» አሉኝ። የካርቡሬተሩን ቪት በካቻቪቴ ጫፍ የጤፍ ቅንጣት ታህል ያዞሩና ያን ቀን እንደዚያው ትውላለች። በነጋታው ደግሞ ሌላ ቅንጣት። ለምን በአንዴ እንደማይጨርሱት ብጠይቃቸው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉኝ።

ሁለት ወር ተኩል ፈጀባቸው። የወረቀቱን ፊልትሮ ጥለው የእኛን ሰፈር አቧራ የሚችል፣ ዘይት ያጠጡት ስፖንጅ አበጁላት። ኩሽኔቶቿ አልቀው ስለነበር እኔ ቢሮ ከተጣለ ማተሚያ ውስጥ በልካቸው አገኙላት፤ ማተሚያውን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቁኝና፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሰናይት፣ የጥፍር ቀለም ይኖርሻል?» አሉኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ለካ ቡሎኖቹ ሞተሩ ባንቀጠቀጠ ቁጥር እየላሉ አስቸግረዋቸዋል። እያንዳንዱን ፈተው፣ ቀለም አስነክተው፣ መልሰው አሰሩት። የነበረኝ ቀይ ነው። መኪናዋ ለሰርግ የተኳለች መሰለች፤ ሰፈሩም ሲስቅ ከረመ። ከማል ፍጥነት ቢጨምሩላት ብሎ ቢወተውታቸው «ፍጥነት የሚጠቅመው ሌባን ነው» አሉት።

የማስረከቢያው ቀን ደረሰና ደንባቸው አጣብቂኝ ውስጥ ከተታቸው። ሊሳፈሩባት አይችሉም፤ ያልተሳፈሩበትን ደግሞ አያስረክቡም። ትንሽ አሰቡና መነጽራቸውን አውልቀው የመኪናዋ ጭነት ቦታ ላይ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ሌላ መነጽር እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን። የሩቁን ያያሉ እንጂ፣ ያለ እሱ እጃቸው ላይ ያለውን ካቻቪቴ ከእስክሪብቶ አይለዩም። «ከእኔ ውድ የሆነው ይሳፈር» አሉና ሰደዷት። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ድንጋይ መታትና ተገለበጠች፤ የመነጽሩም አንድ መስታወት ተሰነጠቀ። መኪናዋን መልሰው ወደ ሱቅ አስገቡ። አንድ ሳምንት ጎማዋንና ሞላዋን ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ ያንኑ ስንጥቅ መነጽር ጭነው እንደገና ላኳት። ነዳጇ ሊያልቅ እስኪል ዞራ ሳትቆም ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው ያስረከቡን። ስንጥቁን አይቶ መነጽሩ ምን እንደሆነ ለጠየቃቸው «ተሳፍሮ ነበር» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግርማ ሰው መሰለ። ጋሽ ሸምሱ በየቀኑ መንገዱን ተሻግረው ይመጣሉ። ነዳጁ ብርቅ ስለሆነም፣ ዓይን ስለሚያቃጥልም ሳልባትዮዋን ራሳቸው ይሞሏታል። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለው መስማት ያስተምሩታል። ነዳጇ ሊያልቅ ሲል ድምጿ ይቀጥናል፤ ያኔ ወደ ቤት መመለስ ነው። ግርማ ጆሮው ፈጣን ነው፤ በሳምንቱ ለየው። በሩ ጋ ተቀምጦ መኪናዋን ወደ ውጭ ይሰዳታል፤ በሱቁ አልፋ፣ መታጠፊያው ድረስ ሄዳ፣ ተመልሳ እግሩ ሥር ትቆማለች። እሱ ግን ከበሩ አይወጣም። ስድስት ወር መኪናዋ ወጥታ ስትገባ እሱ እዚያው ነበር። እኔ ይህም በዝቶልኝ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር። ጋሽ ሸምሱ ግን ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ ባዶውን መንገድና በሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ሲያዩ አስተውል ነበር።

ያ ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስምንት ሰዓት ገደማ ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈር ስታጠፍ ካፊያ ጀምሯል። መንገዱ ላይ ሰው በግራና በቀኝ ቆሟል። መሐሉ ላይ ግርማ አለ። ከበራችን አልፎ፣ ከሱቁም አልፎ፣ መታጠፊያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የዊልቸሩ ጎማ ድንጋይ መሐል ተሰንቅሮበት ይታገላል። እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። መኪናዋ ከፊቱ አሥር እርምጃ ላይ ቆማለች። ሮጬ ደረስኩና ወንበሩን ስይዘው «ተይኝ፣ ሰኒ። እጅሽን አንሺ» አለኝ። እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። ወደ ኋላ ስመለስ ጋሽ ሸምሱን አየሁ። ሱቃቸው በር ላይ፣ እጆቻቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቆመው ያያሉ።

ንዴቴ ሁሉ እሳቸው ላይ ወደቀ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ቆመው ያያሉ እንዴ? አትቆምም ብለው አይደል ያስረከቡን? ይኸው ቆመች። በሰው ፊት ልታዋርደው ነው ሁለት ወር ተኩል የለፉባት? አስተማማኝ ሥራ የሚሉት ይኼ ነው?» አልኳቸው። ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ፤ አሁን መድገሙ ያሳፍረኛል። ከማል ነበረ፣ የግቢያችን ሴቶች ነበሩ፣ ሞተር ሊያስጠግኑ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

ጋሽ ሸምሱ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። በደንብ አላየኋትም» አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ሥራቸው እንከን የማይወጣለት ሰው ነበሩ፤ ሀብታቸውም እሱ ብቻ ነበር። እኔ ገብቼ በሩን በላዬ ዘጋሁ። በመስኮት ሳይ ግርማ ጎማውን አላቆ መኪናዋ ጋ ደርሷል። ጎንበስ ብሎ አነሣት፣ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ ከዚያ ወደ ቤት አልመጣም። ወደ ሱቁ ገባ። ሰኞም ሄደ፣ ማክሰኞም ሄደ። ወር ሳይሞላ ጋሽ ሸምሱ የሱቁን ደፍ አፍርሰው በዊልቸር የሚያስገባ አደረጉት፤ ጠረጴዛውንም በእሱ ቁመት ዝቅ አደረጉ። ዛሬ ካዛንቺስ ውስጥ ካርቡሬተር የታመመበት ሰው የሚጠይቀው ግርማን ነው።

ከማል ግን ዓመት ሙሉ አልለቀቃቸውም። ሞተሩን ባመጣ ቁጥር «እንደዚያች መኪና እንዳያደርጉብኝ» ይላቸዋል፤ ሌላውም ይስቃል። እሳቸው ፈገግ ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ደግሞ ወንድሜ በራሱ ወኔ ወጣ፣ የእሳቸው ሥራ ግን ጉድ ሊያደርገው ነበር ብዬ ደመደምኩ። ሰላምታዬን አሳጠርኩ። ንዴቴ ሲበርድ የተናገርኩት ከልክ ማለፉ ገባኝ፤ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመት ዓመትን ወለደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ደግሞ ለማሸትም አልሞከርኩም።

የቀብሩ ዕለት ግርማ ከወንዶቹ ጋር መቃብር ሄዶ ሲመለስ አብረን ወደ ለቅሶው ቤት አመራን። እሱ ወንበሩን ይገፋል፣ እኔ ከጎኑ እሄዳለሁ። ነገሩን አነሣሁት። ይቅርታ ሳልላቸው መቅረቴ እንደሚያቃጥለኝ ነገርኩት። «ደግሞስ አንድ ቀን መሳሳት ከማን ይቀራል» አልኩት።

ጎማውን ያዝ አድርጎ ቆመ። «ምኑን ተሳሳቱ?»

«መኪናዋን ነዋ።»

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ነዳጅ ነው ያለቀባት። ያን ቀን ሳልባትዮውን ግማሽ ብቻ ነው የሞሉት።»

ረስተው እንደሆነ ጠየቅኩት። ጋሽ ሸምሱ ይረሳሉ ብዬ በማሰቤ ገርሞት አየኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ሲሞሉ አይቻቸዋለሁ። ማየቴንም አይተዋል። ክዳኑን ገጠሙና ምንም ሳይሉ ተሻግረው በራቸው ላይ ቆሙ። እኔም ሰደድኳት። ድምጿ ሲቀጥን መመለስ እችል ነበር፣ ሰኒ። አልመለስኳትም።»

ስምንት ዓመት እንዴት እንደደበቀኝ ስጠይቀው እሳቸው እንዳይነግረኝ አስምለውት እንደነበር ነገረኝ። ለምን እንዳስማሉት እሱም አያውቅም።

ሴቶቹ የተቀመጡበት ክፍል ገብቼ እትዬ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከግቢያችን ሴቶች ያን ቅዳሜ የነበሩት ሁሉ አሉ። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት መመለስ ነበረብኝ። ያቺ መኪና እንዳልተበላሸች፣ ጋሽ ሸምሱ ነዳጇን አውቀው ማጉደላቸውን፣ ወንድሜ ከበሩ እንዲወጣ ብለው መልካም ስማቸውን አሳልፈው መስጠታቸውን፣ እኔ ደግሞ በእነሱ ፊት እንዳዋረድኳቸው ተናገርኩ። እንባዬ እየቀደመኝ በደንብ የተሰማልኝም አይመስለኝም።

እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙኝ። «አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ቀን እራት አልበላም አለኝ። ነገሩን ሲያጫውተኝ፣ ተነሥቼ ልንገራት አልኩት። ‹ተይ፤ ካወቀች ነገ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ወንበሩን ይዛ ልግፋልህ ትለዋለች። እኔን ትቆጣ፤ እሱ ይውጣ› አለኝ።»

እውነታቸውን ነው። ባውቅ ኖሮ እንደዚያ ነበር የማደርገው። ስምንት ዓመት ሙሉ የተቆጣሁት ለካ እሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።